ለቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል?

አዲስ አበባ ላይ የቤት ሽያጭና ኪራይ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚነሱ ልጆች በዝተዋል። ደስ ይላል። ቤት ፈላጊው ዛሬም ከቴሌግራም ቻናል ወደ ደላላ፣ ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው እየተንከራተተ ነው፤ ይህን ድካም የሚቀንስ ሥራ ሁሉ ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የሚነሳው ክርክር ላይ ነው። የድረ ገጹን መረጃ የሚያስቀምጠውና ፈልጎ የሚያመጣው ፕሮግራም፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ «ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ሞንጎ (ሞንጎዲቢ)?» ይባላል። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ይሆናል። ይኼኛው በሰከንድ ይህን ያህል ጥያቄ ይመልሳል፣ ያኛው ሚሊዮን ሰው ቢመጣበት አይወድቅም፣ እነ እገሌ እኮ የሚጠቀሙት ይህን ነው እየተባለ ሳምንታት ያልቃሉ።

ለዚህ ዓይነት ድረ ገጽ ፍጥነት መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 100,000 ማስታወቂያ አላችሁ እንበል፤ ብዙ ነው። የእያንዳንዱ ጽሑፍ፣ ዋጋና ዝርዝር 5 ኪሎባይት ቢይዝ ጠቅላላው 500 ሜጋባይት ነው። ይህ ዛሬ በርካሽ የሚከራይ ሰርቨር ራም (ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። የትኛውም ስሙ የታወቀ ዳታቤዝ ይህን አይፈራም። ከባዱ ፎቶው ነው፦ ለአንድ ቤት 10 ፎቶ፣ ለአንዱ ፎቶ 300 ኪሎባይት ብትሉ 300 ጊጋባይት ይመጣል። ስለዚህ ፎቶ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም። ፋይሉ በፋይል ማከማቻ ይቀመጣል፣ ዳታቤዙ የሚይዘው የት እንዳለ ብቻ ነው።

ድረ ገጹን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። ሰው አንድ ቤት ወዶ ይደውላል፣ «ተከራይቷል» ይባላል። ሁለተኛውን ይደውላል፣ ዋጋው ሌላ ነው። ሦስተኛው ጋ ሲሄድ ፎቶው የሌላ ቤት ሆኖ ያገኘዋል። አራተኛ ጊዜ አይመለስም። እና እኔ ዳታቤዝ ስመርጥ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የተሳሳተ ነገር ሲመጣበት እምቢ የሚለው የቱ ነው? ቦታ የሚባለውን ነገር የሚረዳው የቱ ነው? የእኛን አጻጻፍ የሚችለውስ? መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ ፖስትግሬስ፣ ቦታን እንዲረዳ ከሚያደርገው ተጨማሪ ከፖስትጂስ ጋር። ምክንያቱን ግን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱ ካልገባችሁ ፖስትግሬስም ላይ ሆናችሁ የማይረባ ነገር መሥራት ትችላላችሁና።

ቤቱ ሌላ፣ ማስታወቂያው ሌላ

ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ቪላ ለሽያጭ ወጣ እንበል። ባለቤቱ ለአንድ ደላላ ብቻ አይሰጠውም፣ ለአራት ለአምስቱ ይነግራል። አንዱ 250 ካሬ ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው 260። አንዱ የራሱን ጨምሮ ዋጋ ያወጣል፣ ሌላው «በስምምነት» ይላል። ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ካስቀመጣችሁ ገዢው አንዱን ቤት አምስት ቤት አድርጎ ያየዋል። ካርታው ላይ አምስት ምልክት፣ አማካይ ዋጋው ላይ አምስት ጊዜ የተቆጠረ አንድ ቤት።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚወሰነው ይህ ነው፦ ቤቱ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፣ ማስታወቂያው የራሱ። ቤቱ ጋ የሚቀመጠው የማይለወጠው ነው፦ ቦታው፣ የቦታው ስፋት፣ ፎቁ፣ መኝታው፣ ካርታው በሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ። ማስታወቂያው ጋ ደግሞ ማን አወጣው፣ መቼ፣ በስንት፣ ለሽያጭ ነው ለኪራይ፣ እና ለመጨረሻ ጊዜ «አሁንም አለ» ተብሎ የተረጋገጠው መቼ ነው የሚለው። ይህችን የመጨረሻዋን ቀን ብዙዎች ይረሷታል። እኔ ብሆን ሁለት ሳምንት ያልተረጋገጠ ማስታወቂያ ከፍለጋ ራሱ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ደላላው ይቆጣል፤ ፈላጊው ግን ያምናችኋል።

ሁለት ማስታወቂያ የአንድ ቤት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በ30 ሜትር ውስጥ ያሉ፣ ስፋታቸውና የመኝታ ቁጥራቸው የተቀራረበ ከሆነ ጠርጥሩ። ግን ማሽኑ ራሱ እንዲያዋህዳቸው አትፍቀዱ። ኮንዶሚኒየም አለና። አንድ ብሎክ ውስጥ ስፋታቸው አንድ የሆነ ብዙ ቤቶች በአንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ልዩነታቸው የብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። ደላላው ደግሞ የቤት ቁጥር አይነግራችሁም። ገዢው በቀጥታ ባለቤቱ ጋ ሄዶ ኮሚሽኔ ይቀራል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ለዚህ የምመክረው ሁለት ቦታ መያዝ ነው፦ ትክክለኛው ነጥብ ለእናንተ ብቻ፣ ለሕዝብ የሚታየው ደግሞ ጥቂት መቶ ሜትር የሚሰፋ ክብ። ትክክለኛውን ነጥብ ለሕዝብ በሚወጣው መረጃ ውስጥ ፈጽሞ አትላኩ፤ ገጹ ላይ ባይታይም የገጹን ኮድ የከፈተ ሰው ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ነው የዳታቤዙ ዓይነት ልዩነት የሚያመጣው። «አንድ አቅራቢ ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ አንድ ንቁ ማስታወቂያ ብቻ» የሚለውን ሕግ ፖስትግሬስ ላይ በአንድ መስመር ማስገባት ይቻላል፤ ንቁ የሆኑትን ብቻ የሚመለከትና ድግግሞሽ የሚከለክል ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) አለው። ማይኤስኪውኤል ይህ በቀጥታ የለውም፣ ዞር ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። «ስፋት ከዜሮ ይበልጣል» የሚል ቀላል ቁጥጥርም አለ፤ ማይኤስኪውኤል ከስሪት 8.0.16 በፊት፣ ማለትም እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ይህን ትእዛዝ ይቀበልና ምንም ሳይል ይተወው ነበር። ስህተት አይሰጥም፣ አይከለክልምም። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ አሁንም 5.7 ካጋጠማችሁ የጻፋችሁት ቁጥጥር ሁሉ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት።

«ኮዴ ውስጥ አጣራዋለሁ» የሚል አለ። ዛሬ ታጣራላችሁ። ነገ ግን አፑ ይመጣል፣ ከቴሌግራም ቦት ማስታወቂያ ይገባል፣ አንድ ሰው ኤክሴል ፋይል በጅምላ ይጭናል፣ ሌላው በእጁ ያርማል። አምስት በር ላይ አምስት ዘበኛ ከማቆም ውስጥ ያለውን ካዝና መቆለፍ ይቀላል።

የንብረቱ ዓይነት መለያየቱም አለ። ቪላ፣ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ባዶ ቦታ አንድ ዓይነት መጠይቅ አይሞሉም። ብዙ ሰው ሞንጎዲቢን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ እውነት አለው። ግን ፖስትግሬስ ከ9.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ፣ ጄሰንቢ የሚባል ዓምድ አለው፤ ቅርጹ ያልተወሰነ መረጃ እዚያ ይገባል፣ ኢንዴክስም ይደረግበታል። ሰው የሚፈልግበትና የሚያጣራበት ነገር የራሱ ዓምድ ይኑረው፣ ለማንበብ ብቻ የሚሆነው ጄሰንቢ ውስጥ ይግባ። አዲስ አበባ ላይ የውኃ ታንከርና ጄኔሬተር የራሳቸው ዓምድ ይገባቸዋል። የወለሉ ሴራሚክ ቀለም አይገባውም።

ቦታ የሚባለው ነገር

የእኛ አድራሻ የመንገድ ስምና ቁጥር አይደለም። «ከማደያው ገባ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ነው። ስለዚህ የጽሑፍ አድራሻ ለፍለጋ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቤት በካርታ ላይ ነጥብ ያስፈልገዋል። ፖስትጂስ ለዚህ የተሠራ የፖስትግሬስ ተጨማሪ ነው፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ሳይንቲስቱም ማዘጋጃ ቤቱም ይጠቀምበታል። «ከመገናኛ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ፣ ሦስት መኝታ፣ ከዚህ ዋጋ በታች» የሚለውን በአንድ ጥያቄ ይመልሳል። ርቀቱን ለሁሉም ቤት እያሰላ እንዳያወዳድር ብቻ ተጠንቀቁ፤ «በዚህ ርቀት ውስጥ» የሚለውን ራሱን የቻለ ተግባር ስትጠቀሙ ነው ኢንዴክሱ የሚሠራው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በግምት በኬክሮስ 9.03፣ በኬንትሮስ 38.74 ላይ ናት። ፖስትጂስ መጀመሪያ ኬንትሮሱን ይፈልጋል። ማይኤስኪውኤል 8 ደግሞ በተለመደው የዓለም የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት ነጥቡን በጽሑፍ ስትሰጡት መጀመሪያ ኬክሮሱን ነው የሚጠብቀው። ገልብጣችሁ ብታስገቡ ቦሌ ያለው አፓርታማ ከጣሊያኗ ሳርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይገባል። ዳታቤዙም አይከለክላችሁም፤ ባሕሩም ትክክለኛ ነጥብ ነውና። የከተማዋን ክልል ወሰን አስገብታችሁ ከዚያ የወጣ ነጥብ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉት።

ከዚህ የሚከብደው የአስተዳደር ወሰኑ ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አሥራ አንደኛ ሲሆን፣ ትናንት «የካ» ተብሎ የተመዘገበ ቤት በአንድ ቀን «ለሚ ኩራ» ሆነ። ክፍለ ከተማን እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ በጽሑፍ የሚይዝ ድረ ገጽ ይህን የሚያስተካክለው አንድ በአንድ እየፈለገ ነው፤ እሱም ካስታወሰ። ነጥብ የያዘ ግን የወሰኖቹን ቅርጽ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ ቤቱ የትኛው ውስጥ እንዳለ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ወሰኑ ሲቀየር ቅርጹን ብቻ ይለውጣል። የሰፈር ስምም እንደዚሁ ነው። «ሰሚት» የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገር ሕግ የለም፣ ሻጩ ሁልጊዜ ወደ ውዱ ሰፈር ይስበዋል፤ ስለዚህ የሰፈሩን ቅርጽ እናንተ ሣሉት፣ ደላላው የሰጠውን ስም ደግሞ ለብቻው ያዙት።

ምልክት የሚሆኑ ቦታዎችም ይጠፋሉ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። «ከእገሌ ሆቴል ፊት ለፊት» የተባለው ሆቴል ዛሬ የለም። የፈረሰ ቤትን አትሰርዙ፤ «ከዚህ ቀን ወዲህ የለም» ብላችሁ አኑሩት። የሰፈሩ የዋጋ ታሪክ የሚሠራው ከእሱ ነው።

አማርኛ ሲፈለግ

ዓለም ባንክ የሚባለውን ሰፈር አንዱ «ዓለም ባንክ» ይለዋል፣ ሌላው «አለም ባንክ»። ሀያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሐያ ሁለት፣ 22። ሳር ቤት፣ ሣር ቤት፣ ሳርቤት። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የትኛውም ዳታቤዝ ይህን በራሱ አይፈታም፤ ፖስትግሬስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው የቃላት መተንተኛ የብዙ ቋንቋ አለው፣ የአማርኛ ግን የለውም። «በቦሌ»፣ «ከቦሌ»፣ «የቦሌ» አንድ መሆናቸውን አያውቅም።

የሚሠራው መንገድ ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ይይዛል። ሌላው የተስተካከለውን፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ እና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚሁ ወንፊት ካለፈ በኋላ ይፈለጋል። በላዩ የፖስትግሬስን የትሪግራም ተጨማሪ አድርጉበት፤ ቃላትን በሦስት በሦስት ፊደል እየቆረጠ ተመሳሳይነት ስለሚለካ ፊት ላይ አንድ ፊደል ቢጨመርም ያገኛል። ግን ዳታቤዙን ስትፈጥሩ «ሲ» በሚባለው የቋንቋ ቅንብር ከፈጠራችሁት ይህ ተጨማሪ የግእዝን ፊደል እንደ ፊደል ላይቆጥረው ይችላል፤ ዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) የሚያውቅ ቅንብር ምረጡ፣ ከዚያ «መገናኛ» ብላችሁ ሞክሩት። የሰፈር ስሞች ብዛታቸው የተወሰነ ስለሆነ ደግሞ ቅጽል ስማቸውንና በላቲን ፊደል የሚጻፉበትን ሁሉ ሰብስባችሁ አንድ ሠንጠረዥ ብታደርጉት ከምንም ብልሃት ይበልጣል። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ተወዳዳሪያችሁ የማይሠራው እሱን ነው።

ማይኤስኪውኤል ላይ «ዩቲኤፍ8» የተባለው የድሮ አማራጭ ለአንድ ምልክት እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚሰጠው። የተለመደው የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ያልፋል፣ እናንተም ሠርቷል ትላላችሁ። ኢሞጂ ግን 4 ባይት ነው። የደላላ ማስታወቂያ ከቴሌግራም ተቀድቶ ሲመጣ ቤቱ፣ ስልኩ፣ እሳቱ ሁሉ በኢሞጂ ነው። ያኔ ወይ ስህተት ይሰጣል፣ ወይ ጽሑፉን ኢሞጂው ጋ ቆርጦ ይጥለዋል። ማይኤስኪውኤል ከመረጣችሁ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን ብቻ ተጠቀሙ።

ዋጋ፣ ቀን፣ ሕግ

ዋጋ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቁጥርና ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የተጠራን ዋጋ ወደ ብር ለውጠው ብሩን ብቻ ያስቀመጡ ሁሉ መረጃቸው በአንድ ጊዜ ውሸት ሆነ። ስለዚህ ሻጩ የጠራውን እንዳለ ከነገንዘቡ አስቀምጡ፣ የቀኑን ምንዛሪ በሌላ ሠንጠረዥ፣ ልወጣው ሲታይ ብቻ ይደረግ። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅደው ሕግ ከጸደቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ያላቸው ማስታወቂያዎች እንዲበዙ ጠብቁ። ዋጋ ሲቀየርም አሮጌው ላይ አትጻፉበት፣ አዲስ መስመር ጨምሩ። «ይህ ቤት ከሦስት ወር በፊት ስንት ነበር?» የሚለውን የሚመልስ ድረ ገጽ ለተከራይ ትልቅ ጉልበት ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። «የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚል ማስታወቂያ ሲገባ ሥርዓታችሁ ይወቀው። ይህን ግን ዳታቤዙ ውስጥ እንደማይለወጥ ቁጥጥር አታስሩት፣ ሕግ ይሻሻላልና፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚናገር የደንብ ሠንጠረዥ ይኑረው። ቀኑን ሁሉ በጎርጎርዮስ አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩት። ጳጉሜን በጽሑፍ ይዞ ቀን መደርደር አይቻልም።

ለገናና ለጥምቀት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጡ ወገኖች ዕቃ የተሟላለት ቤት በቀን የምታከራዩ ከሆነ ፖስትግሬስ ሌላ የሚወደድ ነገር አለው። «ለአንድ ቤት ሁለት ቆይታ ቀናቸው አይደራረብ» የሚለውን ሕግ ራሱ ዳታቤዙ ያስከብራል። ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ቢጫኑ እንኳ አንዱ ብቻ ያልፋል። ሌላ ቦታ ይህን በኮድ ለመሥራት ስትሞክሩ ነው ቦሌ ኤርፖርት ላይ ከነሻንጣው የሚቀር ቤተሰብ የሚፈጠረው።

ሌሎቹስ?

ማይኤስኪውኤል መጥፎ አይደለም። ቡድናችሁ እሱን በደንብ ካወቀ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ድረ ገጹ በዎርድፕረስ (በተዘጋጀ የድረ ገጽ መሥሪያ) ከሆነ እዚያው ሁኑ። የታክሲ መጥሪያው ኡበር በ2016 እ.ኤ.አ. ከፖስትግሬስ ወደ ማይኤስኪውኤል መዞሩን በዝርዝር ጽፎ ነበር፤ እንደ ማስረጃ የሚያመጡት አሉ። የኡበር የመጻፍ ብዛት የእናንተ ችግር አይደለም። ሞንጎዲቢም በቦታ መፈለግ ይችላል፣ ቅርጽ መቆጣጠሪያም አለው፣ ግን ቤት፣ ማስታወቂያ፣ አቅራቢ፣ ዋጋ የሚሉት ግንኙነቶች የዚህ ሥራ አጥንት ናቸው፤ ለግንኙነት የተሠራውን ትቶ ሌላ መውሰድ አይታየኝም። ፋየርስቶር፣ የጉግል የኢንተርኔት ዳታቤዝ፣ ፈጥኖ ለመጀመር ይመቻል። ሂሳቡ ግን በተነበበው ሰነድ ቁጥር ነው፣ 20 ቤት የሚያሳይ አንድ ገጽ 20 ንባብ ነው፣ ክፍያውም በዶላር። ኤስኪውላይት፣ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ትንሹ ዳታቤዝ? ለአንድ ሪል ስቴት ድርጅት የራሱን ጥቂት መቶ ቤቶች ለሚያሳይ ገጽ በደንብ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፣ እዚያ ግን ያ ችግር አይሆንም።

ፖስትግሬስን ሌላ ድርጅት አስተዳድሮ እንዲሰጣችሁ ማድረግ ይቻላል፣ ወይም ራሳችሁ ሰርቨር ተከራይታችሁ ትጭኑታላችሁ። ሁለተኛው በብር የሚከፈል አማራጭ ስላለው ብዙዎቻችሁ ወደዚያ ታዘነብላላችሁ፤ ያኔ ባክአፑ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂው፣ የእናንተ ዕዳ ነው። የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ ጥር (ጃንዋሪ) 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የፖስትግሬስ ዋና ዳታቤዙን አንድ ሠራተኛ ደክሞት በስህተት ሲያጠፋው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ እንደሚገባው የሠራ አልነበረም። የዳኑት በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በተወሰደ ቅጂ ነው። ባክአፕ ባክአፕ የሚሆነው ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ ስታዩት ነው። በየወሩ አድርጉት፣ የማስታወቂያውን ቁጥር ቆጥራችሁ ከዋናው ጋር አወዳድሩ።

የባለቤቶችና የደላሎች ስልክ ቁጥር፣ የካርታ ቅጂና የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ ከማስታወቂያው ጋር አንድ ላይ አይቀመጡ። የተለየ ሠንጠረዥ፣ የተለየ የመግቢያ ፈቃድ፣ ማን መቼ እንዳየው የሚመዘገብበት። ካርታ በፎርጅድ ሰነድ ለሚነግድ ሰው ትልቅ ግብዓት ነው፤ ካላስፈለጋችሁ ከነጭራሹ አትቀበሉት፣ አይታችሁ «ታይቷል» ብላችሁ ቀኑን ብቻ መዝግቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ 1321/2016፣ ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የምትጠየቁበት ነው። ሰርቨሩን የት አገር እንደምታስቀምጡ ከመወሰናችሁ በፊት አዋጁን ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ዳታቤዝ ከተሞላ በኋላ ማዛወር ባዶውን ከማዛወር እጅግ ይከብዳል።